ስንተኛ የማይተኛ አደጋ

ስለምንበላውና ስለምንጠጣው ብዙ ጊዜ እንነጋገራለን። የዕድሜያችንን ሲሶ ያህል የምናሳልፍበትን የመኝታ ክፍል ግን እንዘነጋዋለን። የዛሬው ሐሳቤ አንድ ነው፦ ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ፣ ከመተኛታችን በፊት ከመኝታ ክፍል መውጣት አለበት። የተኛ ሰው ዘበኛ አይሆንም።

ከሁሉም ቀድሞ መውጣት ያለበት የከሰል ምድጃ ነው። በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ክረምቱ ረዥም ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ሌሊቱ ይበርዳል። በኪቶ ፉርዲሳም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች በኪራይ ለሚኖር ቤተሰብ፣ አንዲት ክፍል ሳሎንም፣ ማድ ቤትም፣ መኝታም ትሆናለች። የማታው ቡና ከተጠጣ በኋላ ፍሙ «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ እዚያው ይቀራል። በሩ ይዘጋል፤ የበሩም ሥር በጨርቅ ይደፈናል።

«ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፣ አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ብዙዎችን ያዘናጋል። ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ መውጣቱን አያቆምም። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክስጅን ከሚሸከመው የደማችን ክፍል ጋር፣ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። ሕፃናት፣ በማህፀን ያለ ፅንስና የልብ ሕመም ያለባቸው አዛውንት በይበልጥ ይጎዳሉ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ የቤተሰቡን አባላት በአንድ ጊዜ ከያዛቸው ምግቡን ብቻ አንጠርጥር። በሩን ከፍተን ሁሉንም ወደ ውጭ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ኦክስጅን ወደሚገኝበት ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን የሳተን ሰው ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደሙ አያወጣም፤ ይልቁንም ሊያንቀው ይችላል።

«ይህ ቀደር ነው» የሚሉ አሉ። ቀደር ሰበብን ማድረስን አያስቀርም። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ እሳትን እንድናጠፋ ማዘዛቸውን አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል። «ብርዱንስ ምን እናድርገው?» ለሚል መልሱ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ከመኝታ በፊት መሞቅ፣ ከዚያ ምድጃውን ወደ ደጅ አውጥቶ ብርድ ልብስ መደረብ ነው። በአመድ የተዳፈነ ፍምም ጋዙን ይሰጣልና በውስጥ አይደር።

ሁለተኛው መውጣት ያለበት የነቀዝ መድኃኒት ነው። ብዙ ቤተሰብ የበቆሎ ጆንያውን ከአልጋው አጠገብ ያስቀምጣል። በእህሉ ውስጥ የሚጨመረው ክኒን የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ክኒን የተጨመረበት እህልም ሆነ የክኒኑ ዕቃ ሰው በሚያድርበት ክፍል ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም።

መግባት ያለበት ደግሞ አጎበር ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። የአጎበሩ ጫፍ ፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ፤ ሻማና ኩራዝም አይቅረቡት። ጨቅላ ሕፃን በጀርባው፣ ለብቻው በሆነ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ ይተኛ፤ ትራስ አያስፈልገውም። ለሱብሒ የሚነሱ እናትና አባቶቻችን ከአልጋቸው አጠገብ የእጅ ባትሪ ይኑራቸው፤ ከመቆማቸው በፊትም ጥቂት ቁጭ ይበሉ። የሚያንሸራትት ምንጣፍና የውዱእ ጀበና ከመተላለፊያቸው ላይ ይነሣ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተከራዩ ምድጃውን የሚያወጣበት ቦታ ከሌለው ግን ምክራችን ከንቱ ነው። ስለዚህ ቤት የምታከራዩ ወንድሞችና እህቶች፣ ዝናብ የማይመታው ትንሽ የማድ ቤት ጥግ አዘጋጁላቸው። የመስጂድ ኢማሞቻችንም ክረምት ሲገባ ከዒሻ ሶላት በኋላ ጉዳዩን ቢያስታውሱን መልካም ነው። የቤት አባወራና እመቤትም በር ከመዝጋታቸው በፊት «ምድጃው ወጥቷል?» ብለው ይጠይቁ። ቤተሰብ አማና ነው። አላህ ቤቶቻችንን ይጠብቅልን።