ቤት ለእንግዳ ይከፈት፤ ኮምፒዩተር ግን ይቆለፍ

ጐንደር እንግዳ ተቀባይ ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው። ጥር 10 እና 11 ቀን ከተራና ጥምቀት ሲደርስ ከደባርቅና ከዳባት፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የሚመጣው ሕዝብ ሆቴሉን ሞልቶ ወደየዘመዱ ቤት ይገባል። ባለቤቱም ታቦቱን አጅቦ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ ቤቱን ለእንግዳ ትቶ መሄዱ ወግ እንጂ ነውር አይደለም። እንደዚሁም ደባርቅ ተቀምጦ ለመስክ ሥራ ወደ ጃናሞራ ወይም ወደ በየዳ የሚወጣ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት ወይም ለአከራዩ በአደራ ሰጥቶ ይሄዳል። ይህ መተማመን የአገር ሀብት ስለ ሆነ እንዲጠፋ የሚመኝ ሰው የለም።

ይሁን እንጂ ዛሬ በዚያ ቤት ውስጥ አያቶቻችን የማያውቁት አንድ ዕቃ ተቀምጧል። ኮምፒዩተርን ብዙዎቻችን እንደ ሬዲዮ እንቈጥረዋለን፤ ማንም ቢከፍተው ምን ይጎድላል እንላለን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ለመመረቂያ የተጻፈው የዓመት ድካም በእርሱ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ሌሊት ሊጨርሰው ከቢሮ ይዞት የመጣው የደመወዝ ዝርዝር፣ የሕሙማን ስም፣ የገበሬው የመሬት ማስረጃ በእርሱ ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ የኢሜይል ሣጥናችን ተከፍቶ የተተወ እንደ ሆነ፣ ያገኘው ሰው «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብሎ አዲስ ቃል በዚያው ሣጥን እየተቀበለ ሌሎቹን መዝገቦቻችንን በየተራ ለመክፈት ይችላል።

ይህን ጉዳት የሚያደርሰው ሌባ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ጨዋታ የፈለገ ሕፃን ጽሑፉን ይደመስሳል። ፊልም ለማየት የመጣ የአክስት ልጅ ቫይረስ ያለበትን ፍላሽ ይሰካል። ለቀልድ ያህል በእኛ ስም መልእክት የሚልክ ጓደኛም አይጠፋም። ከእነዚህ አንዳቸውም ክፉ ላያስቡ ይችላሉ። የባሰው ነገር የሚመጣው ግን በኋላ ነው። ፋይሉ ጠፍቶ ሲገኝ ማን እንደ ነካው አይታወቅምና በዚያ ቤት ያደረው ሁሉ ይጠረጠራል፤ ንጹሑም ሰው በዓይነ ቁራኛ ይታያል። እንግዲህ ቁልፉ እንግዳውን የሚያዋርድ ሳይሆን ከሐሜት የሚያድነው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የይለፍ ቃል ታሪክ ራሱ ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር አብረው የሚሠሩበት ዘዴ ሲፈጠር፣ የአንዱ ጽሑፍ ከሌላው እንዳይደባለቅ ለእያንዳንዱ የይለፍ ቃል ተሰጠው። በዓመቱ አላን ሼር የተባለ ተማሪ በሳምንት የተመደበለት ጥቂት ሰዓት ለጥናቱ ስላልበቃው የሁሉንም የይለፍ ቃል ዝርዝር በማተሚያው አስወጥቶ በጓደኞቹ ቃል መሥራት ጀመረ። ይህ ሰው ወንበዴ አልነበረም፤ የቸገረው የትምህርት ባልደረባ ነበረ። ዛሬም ወደ ኮምፒዩተራችን የሚገባው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ወዳጅ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የፋሲል ግቢን ቅጥር የተመለከተ ሰው 900 ሜትር በሚያህለው ግንብ ላይ 12 በሮች እንዳሉ ያውቃል፤ እንቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እልፍኝ በር እየተባሉ በየስማቸው ይጠራሉ። ግቢው አንድ ሲሆን በሩ ልዩ ልዩ ነው። ኮምፒዩተርም እንደዚሁ ብዙ በር ሊሠራለት ይችላል። ለባለቤቱ አንድ አካውንት፣ ለእንግዳ ደግሞ ሌላ፣ ሥልጣኑ የተወሰነ አካውንት መክፈት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እንግዳው በራሱ በር ገብቶ ፊልሙን ያያል፤ ደብዳቤውን ይጽፋል፤ ወደ ባለቤቱ ጽሑፍ ግን አይደርስም።

ከዚህ ቀጥሎ የይለፍ ቃሉ ረዘም ያለና በቀላሉ የማይገመት ይሁን። የራስን ስም፣ የልደት ዘመንን ወይም የስልክ ቁጥርን ማድረግ ቁልፉን በበሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው። ከወንበር ሲነሡም የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ኤል» የተባለውን ፊደል አብሮ መጫን ኮምፒዩተሩን ወዲያው ይቆልፈዋል። የሚረሳ ሰው ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲቆለፍ ሊያዝዘው ይችላል።

ሆኖም የይለፍ ቃል ብቻውን አይበቃም። ዕውቀት ያለው ሰው የመረጃ ማከማቻውን ዲስክ ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ሊያነበው ይችላል። ይህን የሚከለክለው በዊንዶውስ ቢትሎከር፣ በማኪንቶሽ ፋይልቮልት የሚባለው፣ ጽሑፉን በምስጢር የሚለውጥ ዘዴ ነው። ለዚህ ዘዴ የሚሰጠውን የመጠባበቂያ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከኮምፒዩተሩ ርቆ በሚገኝ ስፍራ ማኖር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከጠፋ ባለቤቱ ራሱ ደጅ ሊቀር ይችላልና። የዋናውን ጽሑፍ ግልባጭም በሌላ ዲስክ አድርጎ በሣጥን መቆለፍ ብልህነት ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት ጭምር ያስከብራል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ ሆን ብሎ በሰው ኮምፒዩተር የሚገባውን ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ነገር ግን ለፊልም ብሎ ላፕቶፕ የከፈተውን የአክስት ልጅ ከሶ ፍርድ ቤት የሚያቆም ማነው? ደግሞስ ሕግ የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ የተደመሰሰውን የመመረቂያ ጽሑፍ አይመልስም፤ የታየውንም የሕመምተኛ ምስጢር እንዳልታየ አያደርገውም። ስለዚህ ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል።

በተለይ ወጣቶች የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ነገር እንዲያስቡበት ያስፈልጋል። የራሱን ደብዳቤ ክፍት ትቶ የሚሄድ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። የባለጉዳይን ወረቀት ክፍት ትቶ የሚሄድ ግን የሰው አደራ በላ። ከወገራ ወይም ከዳባት በእግሩ ተጉዞ ጉዳዩን ያስመዘገበ ገበሬ ስሙና ምስጢሩ በማን ቤት እንዳደረ አያውቅም፤ ያመነው መሥሪያ ቤቱን ነው። ይህን የመሰለ ጽሑፍ ከተቻለ ከቢሮ ባይወጣ፣ ከወጣም ያለ ቁልፍ ባያድር መልካም ነው።

ለእንግዳ «ኮምፒዩተሬን አትንካ» ማለት በአገራችን አፍ ይይዛል፤ ፊት ያጠቁራል። ስለዚህ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ቁልፉ ይበጅ፤ የእንግዳውም በር ተከፍቶ ይጠብቀው። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ግባ፤ ይኸው የአንተ በር» ብሎ በሙሉ ልብ ወደ ጥምቀቱ ሊወርድ ይችላል።