የሠራተኛዋ ዜግነት ወይስ የቤቱ ደንብ?

በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ ሰባት ቤት የሚያስተዳድር ሰው የቤት ሠራተኛ ለመቅጠር ሲያስብ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ከአገሬው ልቅጠር ወይስ ከውጭ የመጣችውን?» የሚል ነው። በዚያ ሠፈር የውጭ አገር ሠራተኛ ማለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኢትዮጵያዊት ማለት ነው። ጥያቄው የጅቡቲ ቤተ ሰቦች ብቻ አይደለም፤ በንግድና በሥራ ምክንያት እዚያው ጎጆ የመሠረቱ ወገኖቻችንም ይጠይቁታል። የሚቀጠሩት የእኛው ልጆችና የእኛው እኅቶች ስለሆኑ ነገሩን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሰምተን ልናልፈው አይገባም።

የአገሬዋን ሠራተኛ የሚመርጡ ሰዎች ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ሶማልኛውን ወይም አፋርኛውን ታውቃለች፤ የገበያውን ዋጋና የሠፈሩን ልማድ ለይታለች፤ ላሆሕ ለመጋገር አስተማሪ አያሻትም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም አያሳስባትም። ነገር ግን የቀኑን ሥራ ስትጨርስ ባልባላ ወይም ሌላ ሠፈር ወዳለው ቤቷ፣ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። ለቅሶ አለባት፤ ሠርግም አለባት። በደል ቢደርስባት «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅላት ወንድም ወይም አጎት አላት።

የውጭዋን የሚመርጡት ደግሞ አዳሪ በመሆኗ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች፤ እንግዳ አምሽቶ ቢሄድ ዕቃውን አጥባ፣ ወለሉን ወልውላ ትተኛለች። ደመወዟም ብዙ ጊዜ ከአገሬዋ ያነሰ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ «ዘመድ አይመላለስባትም፤ ወጣ ገባ አታበዛም፤ ታማኝ ናት» ተብላ ትመሰገናለች።

እኛ የምንጠራጠረው ይህን የመጨረሻውን ምስጋና ነው። አንዲት ሴት ከቤት የማትወጣው መውጣት ስላልፈለገች ነው ወይስ መሄጃ ስለሌላት? ለአገሩ ባዳ፣ ለሰው እንግዳ የሆነች፣ ቋንቋውን ገና ያልለመደች፣ ወረቀቷ በአሠሪዋ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈባት ሴት ዝም ብትል ዝምታዋ የጠባይዋ ምስክር ሊሆን አይችልም። ታማኝነት የሚታወቀው መሄድ የምትችል ሠራተኛ ወዳ ስትቀመጥ ነው። መሄድ የማትችለውን ታማኝ ብሎ ማመስገን ግን ችግሯን እንደ ሙያ መቁጠር ይሆናል። በሌላ አነጋገር በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ልዩነት የዜግነት ሳይሆን፣ አንዲቱ የምትመለስበት ቤት ሲኖራት ሌላይቱ የሌላት መሆኑ ነው።

በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ቤት ለራሱም ቢሆን ዋስትና የለውም። የጅቡቲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች እስከ ነሐሴ 25 ቀን 1995 ዓ.ም. አገሩን ለቅቀው እንዲወጡ አስታውቆ፣ ቀነ ገደቡን እስከ መስከረም 4 ቀን 1996 ዓ.ም. ባራዘመበት ጊዜ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከተማይቱን ለቅቀው ወጥተዋል። በ2017 ዓ.ም. የሚያዝያ ወርም ተመሳሳይ ትእዛዝ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በወጣ ቁጥር ፈቃድ በሌላት ሠራተኛ የሚተዳደር ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዶ ሊቀር ይችላል። የሠራተኛዋ ጉዳት ግን ከዚህ የከፋ ነው። የሦስት ወር ደመወዟ አሠሪዋ ዘንድ የቀረ ሴት ገንዘቧን ለማስከፈል ብታመለክት አስቀድሞ የሚጠየቀው የመኖሪያ ፈቃዷ ነውና፣ መብቷን ትታ መሳፈርን ትመርጣለች።

«ይህ ሁሉ ምክር ለሀብታም ነው» የሚሉን አይጠፉም። አነጋገሩ መልስ ይገባዋል። ካርቲየ ሰባት የባለጸጎች ሠፈር አይደለም። እናት ገበያ ውላ፣ አባት በወደብ ወይም በሾፌርነት ሲደክም ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የበጋ ሙቀት ውኃ መቅዳቱና ልብስ ማጠቡ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የአሠሪው ችግር በሠራተኛዋ ዕንቅልፍ ሊከፈል አይገባም። ገቢው ለአዳሪ ሠራተኛ ተገቢውን ሁሉ ለማሟላት የማይበቃ ቤተ ሰብ ተመላላሽ መቅጠር ይችላል፤ ለዚህም የአገሬዋ ሴት ትመቻለች። ሌሊት የሚጠበቅ ሕፃን ወይም አልጋ የያዘ ሽማግሌ ያለበት ቤት ግን አዳሪ ያስፈልገዋል፤ ከየትም ትምጣ ደንብ ይኑራት።

ደንቡ ምን ሊሆን እንደሚገባው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. በጄኔቭ ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ አመልክቷል። የቤት ሠራተኛ በየሳምንቱ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ታርፋለች፤ በዕረፍት ጊዜዋ በአሠሪዋ ቤት እንድትቆይ አትገደድም፤ ፓስፖርቷና መታወቂያዋ በራሷ እጅ ይሆናል። ስምምነቱ አገሬዋንና የውጭዋን ለይቶ አያበላልጥም።

ይህን ስንል ጣታችንን በጅቡቲ ላይ ብቻ የቀሰርን እንዳይመስል። በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ «ከተማ ያልለመደች የገጠር ልጅ ፈልግልኝ» ብሎ ለደላላ የሚነግር አሠሪ፣ በካርቲየ ሰባት የውጭዋን ከሚመርጠው በምን ይለያል? የሚፈልገው መንገዱን የማታውቅ፣ ዘመድ የሌላት፣ የደመወዝ ልክ ያልሰማች ልጅ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር ለሚኖር የቤት ሠራተኛ ስለ መኖሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍቱ ጊዜ አሠሪው ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዝዛል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን የቤት ውስጥ አገልግሎትን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። በገዛ አገሯ ዕረፍት የሚባል ነገር ሳታውቅ ያደገች ልጅ ድንበር ተሻግራ ዕረፍት ትጠይቃለች ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

«ከቤት መውጣት ካስለመድናት ትበላሻለች» የሚለው ፍርሃትም መሠረት የለውም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ የቤት ሠራተኞች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ማንበቢያው ይሄዱ ነበር። ፊደል ቆጥረው፣ ስማቸውን መጻፍ ተምረው ተመለሱ እንጂ በዚህ የተነሣ የፈረሰ ትዳር፣ የተበተነ ቤት አልታየም።

ስለዚህ በካርቲየ ሰባትም ሆነ በእኛው ከተሞች ሠራተኛ ለመቅጠር የተነሣ ሰው ከዜግነቷ በፊት የራሱን ቤት ይመርምር እንላለን። የምትተኛበት ቦታ የሚዘጋ በር አለውን? ደመወዟ በየወሩ ለደላላ ሳይሆን በእጇ ይሰጣልን? በሳምንት አንድ ቀን የራሷ ነውን? ነገ ልሂድ ብትል ወረቀቷንና ገንዘቧን ይዛ መውጣት ትችላለችን? ልጃቸውን የሚሸኙ ወላጆችም ደላላውን ስለ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ስለነዚህ ጉዳዮች አጥብቀው ይጠይቁ። ለአራቱም ጥያቄ «አዎን» ብሎ መመለስ የሚችል ቤት ጅቡቲያዊትን ወይም ኢትዮጵያዊትን ቢቀጥር ምርጫው የራሱ ነው። መመለስ የማይችል ቤት ግን ማንንም አዳሪ አድርጎ ባይቀጥር ይሻላል።