መኪናችሁ የታለ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሣ። ባልና ሚስት፣ ወይም ገና ለመጋባት የሚተሳሰቡ ሁለት ወጣቶች፣ ከሥራውና ከቤት ኪራዩ ጭንቀት ሁለት ቀን ሰርቀው ውኃ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው መራመድ ቢያምራቸው ወዴት ይሂዱ? “ሀገር በስንቱ ተወጥራ አንተ ስለ ሽርሽር ታወራለህ?” የሚለኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ግን ታገሡኝ። የያዝኩት ጉዳይ ላይ ላዩን ሽርሽር ይምሰል እንጂ ውስጡ ሌላ ነው። ለመሆኑ የውኃው ዳር የማን ነው?

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ የተጋባንበትን አምስተኛ ዓመት ምክንያት አድርገን ከአዲስ አበባ ለመውጣት ቆረጥን። እርሷ አስተማሪ ናት፤ እኔ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝ። መኪና የለንም። ዕቁብ ስለ ደረሰን ግን ለሁለት ቀን ባለጸጋ ነበርን።

“ባሕር ዳር እንሂድ” አለችኝ ባለቤቴ። ከተማዋን ማለቷ መስሎኝ ነበር። ለካ እርሷ ያለችው የእውነቱን ባሕር ነው። አባቷ በወጣትነታቸው ምጽዋ ሠርተዋል። አሮጌው ከተማ በደሴት ላይ እንደ ተሠራ፣ ደሴቶቹን በባሕሩ ላይ የተዘረጋ መንገድ እንደሚያገናኛቸው፣ ሰው ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ግራ ቀኙን ውኃ እያየ በእግሩ ይንሸራሸር እንደ ነበር ሲያወሯት አድጋለች። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ያ ባሕር የእኛ አይደለም። ዛንዚባርና ሞምባሳ ደግሞ ዶላር ይጠይቃሉ። የእኛ ዕቁብ በብር ነው። እንግዲህ የቀረን ሐይቅ ነው።

የትኛው ሐይቅ? ወረቀት አውጥተን ጻፍን። ባሕር ዳር በዘንባባ ያጌጠ መንገድ፣ እስከ ጣና ዳር የሚያደርስ ሜዳ ከተማ አላት፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ልባችንን ስላስፈራው፣ እያዘንን ሰረዝናት። ላንጋኖ ውኃው ደፍርሶ ቢታይም ሰው ሳይፈራ የሚዋኝበት ነው፤ ግን ከተማ የለውም። ማረፊያዎቹ ከዋናው መንገድ ገባ ብለው ተራርቀው የተቀመጡ ናቸውና መኪና የሌለው ሰው አንዱ ውስጥ ከገባ እዚያው እንደ ታሰረ ይሰነብታል። አርባ ምንጭ ውብ ናት፤ ነገር ግን ከተማዋ ከፍታው ላይ፣ አባያና ጫሞ ደግሞ እታች ናቸው። ዐይን ይደርሳል፣ እግር አይደርስም። በመጨረሻ ቅርቧን ቢሾፍቱን መረጥን።

ከሚኒባሱ ወርደን ወደ ሐይቁ በእግራችን አቀናን። ግንብ አገኘን። በግንቡ ሥር ስንሄድ ሌላ ግንብ ተቀበለን። ከግንቦቹ ማዶ ሐይቅ እንዳለ የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅ የመኪና መጋዘን ነው ቢባል ያምናል። በመጨረሻ ትልቅ በር ያለው አንድ መዝናኛ ደረስን። ዘበኛው ከፊታችን ቆመ፤ ቀጥሎም ከኋላችን የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስል አንገቱን አስግጎ መንገዱን ቃኘ።

“መኪናችሁ የታለ?” አለን።

“መኪና የለንም፤ በእግራችን ነው የመጣነው።”

ጫማችንን አየ። በዘበኛው አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው፤ ደግሞም እርሱ ራሱ ወደ ሥራው የሚመጣው በእግሩ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ገብቶ ጠየቀና ፈቀዱልን። በሩ ላይ ምሳን ይጨምራል የተባለ ዋጋ ከፈልን። ብንራብም ባንራብም የምንከፍለው ነው። ገንዘቡ ለአንድ ሌሊት አልጋ ካሰብነው ይበልጥ ነበር። ከዚያ በድምፅ ማጉያ ሥር ተቀምጠን ሐይቁን በሩቁ አየን። በዳሩ እንሂድ ብለን ስንነሣ መቶ እርምጃ ያህል ተራምደን ሌላ አጥር አስቆመን፤ የጎረቤት መዝናኛ አጥር ነው። ባለቤቴ አጥሩን በእጇ ይዛ፣ “እኛ ያየነው ሐይቁን ነው ወይስ የሐይቁን ፎቶግራፍ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሳናድር ተመለስን።

አንባቢ ሆይ፣ ቢሾፍቱን ለመሳደብ አይደለም የተነሣሁት። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው፤ ዳራቸው እንደ ድስት ጠርዝ ገደል ነው። ስለዚህ ሐይቁ የሚታየው ከጠርዙ ነው፤ ጠርዙን የያዘ ሐይቁን ያዘ ማለት ነው። ተፈጥሮ ራሷ ጠባብ በር ሰጥታናለች፤ እኛ ደግሞ ያቺኑ ጠባብ በር ቆልፈን ቁልፉን ለገንዘብ ሰጠን። ሆራ አርሰዲ ላይ በየዓመቱ ለእሬቻ ሕዝቡ ወደ ውኃው እንደሚወርድ ላስታውሳችሁ። ያ ሕዝብ ወደ ሐይቁ ሲወርድ መኪናህ የታለ የሚለው የለም። ውኃ ዳር የመገናኛ ቦታ መሆኑን ከሪዞርቱ በፊት የኖሩት ሰዎች ያውቁ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ዳግመኛ ሞከርን። በዚህ ጊዜ ከቃሊቲ አውቶቡስ ተሳፍረን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ድሮ አዋሳ እንላት የነበረችው ሐዋሳ ገባን። ሐዋሳ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሜዳ ላይ በፕላን የተዘረጋች በመሆኗ መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። አልጋ የያዝነው ፒያሳ አካባቢ፣ የከተማው ነጋዴ ከሚያድርበት መጠነኛ ሆቴል ነው። ሻንጣችንን አስቀምጠን ከገብርኤል አደባባይ ፊታችንን ወደ ምዕራብ አዙረን መራመድ ጀመርን። ማንንም አልጠየቅንም፤ መንገዱ ራሱ ሐይቁ ዳር ያደርሳል። ባጃጆች “ልውሰዳችሁ?” አሉን፤ አመስግነን አለፍን።

ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ የሆነውን ልንገራችሁ። ምንም አልሆነም። ማንም አላስቆመንም። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አጠገባችን ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ደብተራቸውን ዘርግተዋል፤ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ውኃውን ያያሉ፤ ከበላያችን ጦጣዎች የቅርንጫፍ ጭቅጭቅ ይዘዋል። ከዚያ ተነሥተን በዳሩ ሄድን። የምንራመድበት ከፍ ያለ መንገድ፣ ሐይቁ ሲሞላ ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ የተሠራ የአፈር ግድብ ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ በጥቁር ውኃ በኩል የሚገባው እየበዛ ሲሄድ ወደ ከተማው ይመጣል። ልብ በሉ! ሐዋሳ ውኃውን ለመከላከል የሠራችው ግድብ ለሰው መንገድ ሆነ። ቢሾፍቱ ላይ ያየነው ግንብ ግን ሰውን ለመከላከል የተሠራ ነው።

በማግስቱ ማለዳ አሞራ ገደል ወረድን። በር ላይ ጥቂት ብር ይጠየቃል፤ ይህንንም አልደብቅም። ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ የሚያወርዱትን ቆሮሶ ልጆች ሲገፍፉ፣ አባ ኮዳዎች ደግሞ እንደ ጡረታ ሹማምንት አንገታቸውን ቀብረው ድርሻቸውን ሲጠባበቁ አየን። ባለቤቴ የዓሣ ሾርባ ጠጣች፤ እኔ ደፍሬ ጥሬውን በአዋዜ በላሁ። ከዚያ ታቦር ተራራ ላይ ወጥተን ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ አየን። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይባላል፤ ከታቦር ላይ ግን በእጅ የሚታፈስ ይመስላል። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጓጓዣ ያወጣነው የአውቶቡሱን ብቻ ነው። ይልቅ የሚገርመው በእነዚያ ሁለት ቀናት ከባለቤቴ ጋር ያወራሁት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ካወራሁት መብለጡ ነው። ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ይናገራል። ፊት ለፊት በቡፌ ጠረጴዛ ሲቀመጥ ሳህኑን ያያል።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው ሳቀብኝ። “ዕረፍት ማለት አለመራመድ ነው” አለኝ። “ሰው የሚከፍለው ከግርግር ለመሸሽ ነው። ሴት ይዘህ መንገድ ላይ ስትሄድ ለካፊው፣ ፎቶ ላንሣችሁ ባዩ፣ ጀልባ ተከራዩኝ ባዩ አይለቅህም። ግንቡ ጥበቃ ነው።”

ወዳጄ የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም። ፍቅር ሐይቅ ላይ ፎቶ አንሺው አስቸግሮናል፤ አንድ ጎረምሳም ባለቤቴን ለክፏታል። ሐዋሳን ገነት ናት አላልኩም። ሐይቁ ውስጥ እንድትዋኙም አልመክርም፤ ቢልሃርዚያ አለበት፤ ጉማሬም አለበት። ነገር ግን ለለካፊ መድኃኒቱ ግንብ ነው እንዴ? ግንቡ የሚጠብቀው የከፈለችውን ሴት ብቻ ነው። ከግንቡ ውጭ ዓሣ የምትሸጠዋ፣ ከትምህርት ቤት የምትመለሰዋስ? መንገዱ መብራት ሲኖረው፣ ሽማግሌውም እናትም ልጅም ሲመላለስበት ለካፊ ያፍራል። ሀብታሙ ግንብ ውስጥ ሲገባ ግን መንገዱን የሚጠይቅለት፣ መብራት ጠፋ ብሎ የሚጮህለት ሰው ያጣል። ባለ መኪናው የማይሄድበት መንገድ ባለ ሥልጣኑም የማያየው መንገድ ነው።

ደግሞ ሕጉን እንይ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንኡስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሁሉ የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ሐይቅ የተፈጥሮ ሀብት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እንግዲህ ባለ መዝናኛው የተከራየው መሬት ነው፤ ሐይቁን አልተከራየም። የሐይቁን መታያ ግን ለባለቤቱ ለሕዝቡ መልሶ እየሸጠለት ነው። የራሴን ላም ወተት በር ላይ ትኬት ቆርጬ እንደ መጠጣት ነው። ስፔኖች ከቱሪስት ገንዘብ የሚያገኙ ሕዝቦች ናቸው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ሕገ መንግሥታቸው የባሕር ዳርቻቸው የሕዝብ ይዞታ ነው ብለው ጽፈዋል። ሆቴሉ ከኋላ ይቁም፤ ዳርቻው ለእግረኛ ይቆይ ነው ነገሩ። ይህን ማድረግ ባለሀብትን ማባረር አይደለም። ሐዋሳም ሐይቁ ዳር ትልልቅ ሆቴሎች አሏት፤ ፍቅር ሐይቅም አላት።

አላት እያልኩ ግን ልቤ ይፈራል። ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መዲና ሆና እየሰፋች ነው፤ የሐይቁ ዳር መሬት ደግሞ እንደ ማር ነው፤ ንብ ሁሉ ያንዣብብበታል። የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጨምባላላን የሚያከብርበት ጉዱማሌም ያለው እዚያው ሐይቁ ዳር ነው፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓሉን መዝግቦ ዳርቻውን ማጠር ምን ትርጉም ይኖረዋል? ግንብ አንድ ቀን አይሠራም። ዛሬ ሽቦ፣ ነገ ቆርቆሮ፣ ከነገ ወዲያ ድንጋይ ነው። ሰው የሚነቃው ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ለሁለት ቀን ወጣ ለማለት ለምታስቡ ጥንዶች ሁሉ የምመክረው አለኝ። የሆቴሉን ኮከብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ከመናኸሪያ እስከ አልጋ፣ ከአልጋ እስከ ውኃ በእግር ይደረሳል? ውኃው ዳር ምንም ያልከፈለ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አለ? የከተማው ሰው ምሳውን ከሚበላበት መብላት ይቻላል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ሂዱ። አንዱ እንኳ አይደለም ከተባለ ገንዘባችሁን ያዙ። እኛ ድሆች ድምፃችን በኪሳችን ያለችው ጥቂት ብር ናት፤ ክፍት ዳርቻ ላለው ከተማ እንስጣት። ሹማምንቱም ክፍት ዳርቻ እንጀራ እንደሚያስገኝ ሲያዩ ምናልባት ቀጣዩን ግንብ ከመፍቀዳቸው በፊት አንዴ ያስቡ ይሆናል።

እኔና ባለቤቴ በሚመጣው ዓመትም ሐዋሳ ለመሄድ ዕቁባችንን ጀምረናል። ስንደርስ ከገብርኤል አደባባይ ቀጥ ብለን እንወርዳለን። ዛፉ ሥር ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ካገኘናቸው ነገሩ ደኅና ነው ማለት ነው። በእርሳቸው ቦታ ዘበኛ ቆሞ መኪናችሁ የታለ ካለን ግን፣ ያኔ ጥፋቱ የዘበኛው ሳይሆን ዛሬ ዝም ያልነው የእኛ ነው።