ቁናውን ማን ሰፈረው?

ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጄሊፊሽ ለይቶ ያወጣው፣ በ2008 ከማርቲን ቻልፊና ከሮጀር ቺየን ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለመው ጂኤፍፒ የተባለ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን የሴልን ጓዳ ገልጦ አሳይቶናል። ማሳየትና መቁጠር ግን ለየቅል ናቸው። ማይክሮስኮፕ ላይ የተገጠመ ካሜራ አንዲት የምታበራ ነጥብ አይቶ 1,800 ቢል፣ 1,800 ምን? ሞለኪውል አይደለም። የሌዘሩ ጉልበት፣ የሌንሱ ጥራት፣ የማጣሪያው ዓይነትና ካሜራው ብርሃን የተቀበለበት ጊዜ ተደማምረው የወለዱት ነው። ሌላ ላቦራቶሪ ያንኑ ሴል አይቶ 600 ሊያነብ ይችላል፤ ማንም አልዋሸም። እህሉ አንድ ሆኖ ቁናው በየገበያው ቢለያይ ሒሳቡ ከየት ይገጥማል?

ስለዚህ ብዛቱ የታወቀ ነገር አጠገቡ አስቀምጦ ማመሳከር ግድ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። እኔ የምለው ግን መስፈሪያው ራሱ በሌላ መንገድ ተሰፍሮ ካልተረጋገጠ መስፈሪያ አይባልም ነው። የዳቦ እርሾ 16 ክሮሞሶሞች አሏት። ሴሏ ስትከፈል ክሮሞሶሞቹን የሚጎትቱት ክሮች በሚያያዙበት ቦታ ሲኤስኢ4 የተባለ ፕሮቲን ይገኛል፤ በየአንዳንዱ ቦታ 2 ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጂኤፍፒ ሲቀጠልበት 16ቱ ቦታዎች ስለሚሰባሰቡ የምታበራው አንዷ ነጥብ 32 ሞለኪውል ተባለች። ከሴሉ ከራሱ የተገኘ፣ ወጪ የሌለው መስፈሪያ! የሌሎች ፕሮቲኖች ብዛትም በሱ ተሰላ። በ2011 ሁለት ቡድኖች በሌሎች መመዘኛዎች ለክተው ቁጥሩ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው አሉ፤ በ2014 ደግሞ ሌሎች የለም፣ 2 ነው ብለው ተነሡ። በዚህ መሃል በ32 ላይ የቆመው ስሌት ሁሉ አየር ላይ ተንጠለጠለ። በ2019 ከሃይደልበርግ የአውሮፓ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ የወጣው መመዘኛ ከዚህ ይሻላል፦ በሰው ሴል ኒውክለስ ቀዳዳ ላይ ኑፕ96 የተባለው ፕሮቲን 32 ጊዜ ይገኛል። ቁጥሩ መመሳሰሉ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ዋናው ነገር 32 መሆኑ የታወቀው ብርሃን ተቆጥሮ ሳይሆን መዋቅሩ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተጠንቶ መሆኑ ነው።

ታማሚውን ሴል ከጤነኛው ማወዳደር ይበቃል፣ ቁጥር ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቀን ከሆነ እውነት አላቸው፤ ውጤቱ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ሲሻገር ግን ንጽጽሩ ያበቃል። ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ጂኤፍፒ እንደተሠራ ወዲያው አያበራም፣ አሲድ ያደበዝዘዋል፣ ሲበራበት ይከስማል፤ እንግዲህ ያላበራውን ማን ይቆጥረዋል? ለዚህ ነው መስፈሪያው ያው ፕሮቲን፣ ያው የሴል አካባቢ ውስጥ መሆን ያለበት። ርካሹ የፍሎረሲን ዱቄት ለዚህ አይበቃም። ብርሃኑ ራሱ ከአሲድ መጠን ጋር ይለዋወጣል፤ ብጥብጡ በጥንቃቄ ከተዘጋጀ መሣሪያው ከትናንት ዛሬ መዋዠቁን ይነግረናል እንጂ እርሾዋ ውስጥ ስንት ሞለኪውል እንዳለ አይነግረንም።