ድመት ላለበት ቤት ሴንሰር መብራት ስንሸጥ

ሄሉ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ በራሱ የሚበራውን መብራት ፈላጊው በዝቷል። ከናይሮቢም ይመጣል፣ ከመርካቶም ይመጣል። እኛ ነጋዴዎች ግን ገንዘቡን ከመቀበላችን በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለብን፦ «ቤታችሁ ድመት፣ ውሻ ወይስ ፍየል አለ?»

ሴንሰሩ ሰውን ለይቶ አያውቅም። የሚያየው ከአካል የሚወጣ ሙቀት ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። የድመት ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ ነው፣ የፍየል ወደ 39 ይጠጋል፣ የኛ 37 ነው። ስለዚህ ለዚያች ነጭ ፕላስቲክ ድመቷም እማወራዋም አንድ ናቸው። ድመቷ ትንሽ ናት ትሉ ይሆናል፤ ሶፋው ላይ ዘላ ማብሪያው ፊት ከቆመች ግን ትንሽነቷ ምን ዋጋ አለው?

«ቢበራስ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። በቶከን በኩል እውነት አላቸው። 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 12 ሰዓት ሙሉ ቢበራ 108 ዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመጨረስ ዘጠኝ ሌሊት ይፈጅበታል። ሴንሰሩም ራሱ ቀን ከሌሊት ጥቂት ይበላል። «ቶከን ይቆጥብላችኋል» እያልን ስንሸጥ ባናጋንን ይሻላል።

የኛ ጭንቀት ሌላ ነው። የግቢው መብራት በድመት ሰበብ በሌሊት አሥር ጊዜ ከበራ፣ በአሥራ አንደኛው ማንም ተነስቶ አያይም። አሥራ አንደኛው ደግሞ ሌባ ወይም ጅብ ሊሆን ይችላል። ባሏ ኢሲዮሎ ያደረ፣ ዕቃውን ቤቷ ውስጥ አስቀምጣ ልጆች ይዛ የተኛች ሴት መብራቱን የገዛችው ለማስጠንቀቂያ ነው። በየደቂቃው የሚዋሽ ማስጠንቀቂያ ከሌለው ይብሳል፣ ምክንያቱም ተማምና ትተኛለች።

ለሳሎንና ለመኝታ ቤት በእጅ የሚበራ፣ ሰው ሲወጣ ግን በራሱ የሚጠፋ ዓይነት አለ። እሱን እናቅርብ። ድመት አታበራውም፤ ከበራ በኋላ ታቆየው ይሆናል እንጂ። ለግቢ ከሆነ ከሰው ቁመት በላይ ይሰቀል፣ የመስተዋቱ የታችኛው ግማሽ በጥቁር ናስትሮ ይሸፈን። መሬት ለመሬት የሚሄደውን ያልፈዋል፣ ቆሞ የሚመጣውን ያያል። (ድመቷ አጥር ላይ ከወጣች እንግዲህ ምን እናድርግ!) በራዳር የሚሠራውን ዓይነት እንስሳ ላለበት ቤት አንመክርም፤ በእንጨት በር አልፎ ሌላ ክፍል ያለውንም ያያል። ኤሌክትሪሻን ሳትጠሩም አትግዙ፣ አንዳንዱ ኒውትራል ሽቦ ይፈልጋል፣ ብዙ ቤት ደግሞ ማብሪያው ሳጥን ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለደንበኛ አስቀድመን እንንገር። እዚህ ስቲማው ከኢትዮጵያ በኩል ነው የሚመጣው፣ ይሄዳል ይመጣል። በተመለሰ ቁጥር ሴንሰሩ እስኪነቃ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ራሱን ያበራል። ይህን ያልሰማ ሰው ቤቱ ጂኒ የገባበት ይመስለዋል፣ ዕቃውንም ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል።

ሲመልስም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ ከማሳየት፣ ሳንጠይቀው የሸጥንለት ከሆነ በእጅ በሚበራው እንቀይርለት። ካርቶኑ ካልተቀደደ ግቢ ሰፊ ላለው ሌላ ሰው ይሸጣል።