ምሥጢሩ ያለው ከደጃችን ነው

በግቢያችን አንድ መጥፎ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ዋጋ ሲንር «የፍሪሜሰን ሥራ ነው» ይባላል፤ ጦርነት ሲነሣም «እነሱው ናቸው» ይባላል። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለስን የምንማረው እንኳ፣ በመንገዳችን ግራና ቀኝ የገበሬው ማሳ ወደ አጥርና ወደ ግንብ ሲለወጥ እያየን፣ ጥፋተኛውን ባሕር ማዶ እንፈልጋለን። ይህን አስተሳሰብ መዋጋት የተማሪ ግዴታ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ የሚታወቀውን እንናገር፤ የውጭውን ታሪክ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ፍሪሜሰን ከድንጋይ ጠራቢዎችና ከግንበኞች ማኅበር ወግ የወጣ ነው። የመጀመሪያው ታላቅ ሸንጎ በ1717 በለንደን ተቋቋመ። ምልክቱ ስኳድራና ኮምፓስ፣ ትረካውም የሰሎሞን ቤተ መቅደስ አሠራር ነው። በኤድንበራ በ1736 የታነጸው የቅዱስ ዮሐንስ አዳራሽ ዛሬም ቆሞ አለ፤ ጎንደር ደርሶ መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ የተመለሰው ጀምስ ብሩስ የዚያው ቤት አባል ነበር። በ1933 የተመረቀው የለንደኑ አዳራሽ ቤተ መዘክር አለው፤ ጎብኚም ገብቶ ያየዋል። አገር ጎብኚ ተዘዋውሮ የሚያየው ቤት የሽንኩርታችንን ዋጋ ይወስናል ብሎ ማመን ለተማረ ሰው ያሳፍራል።

ማኅበሩን ልናወድስ አልተነሣንም። የ1723ቱ ደንብ ሴትንና ባሪያን ከአባልነት ያግድ ነበር። ፕሪንስ ሆል የተባለው የቦስተን ጥቁር ሰው በ1775 ወደ ማኅበሩ የገባው በእንግሊዝ ወታደሮች ቤት በኩል ነበር፤ ኋላም ለጥቁሮች የተለየ ቤት አቋቋመ። እንዲህ ያለው አድልዎ በስሙ ተጠርቶ ይነቀፍ። ሐሜት ግን ትችት አይደለም። ሙሶሊኒም በ1925 ባወጣው ሕግ እነዚህን ማኅበራት አሳደደ፤ በ10 ዓመቱ አገራችንን የወረረው ይኸው ሰው ነው። «ስውር እጅ» እያሉ ሕዝብን ማስበርገግ የማን መሣሪያ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋራ የሚያያይዘው ማስተር ፕላን ሲሰማ ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ደምም ፈሰሰ። ተቃውሞው በኅዳር 2008 ዳግመኛ ተነሣ፤ በጥር ወር ዕቅዱ ተሠረዘ። በ2015 ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ስም ተለወጠ፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። መሬቱ ለማን፣ በስንት፣ በማን ፊርማ ተሰጠ? ገበሬው ምን ካሣ አገኘ? ይህ የተጻፈበት መዝገብ ለንደን አይደለም ያለው፤ በታክሲ በምንደርስበት ጽሕፈት ቤት ነው።

የማኅበር ወግ ማየት የሚሻም ሩቅ አይሂድ፤ እድራችንን ይመልከት። የፍሪሜሰን በረኛ በስብሰባ ጊዜ ሰይፍ ይዞ በር ይጠብቃል፤ የእድር ጥሩምባ ነፊ ግን ገና ሳይነጋ መንደሩን እየዞረ ሰው ይጠራል። መዋጮው በመዝገብ ይሰፍራል፤ ድንኳኑም ለሀብታሙም ለድኻውም ይተከላል። ከመሬቱ የተነሣ ገበሬ እንግዲህ ማሳውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ጎረቤቱ ሲበተን ቀባሪውንም ያጣል። ይህን ጉዳት የትኛው የካሣ ተመን ቈጠረው?

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሕግ የምትማሩ አዋጅ ቊጥር 1161/2011ን ከነማሻሻያው አንብቡና ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ አስረዱ። ኢኮኖሚ የምትማሩ በካሣውና በገበያው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት አስሉ። መምህሮቻችንም ይህን የጥናት ርእስ አድርገው ይምሩን። እኛም የምንኖርበትን መንደር እድር አባል እንሁን። የማናየውን እጅ መርገም ቀላል ነው፤ የሚታየውን ፊርማ መጠየቅ ግን ወኔ ይጠይቃል። ሐሜቱን እናቁም፤ መዝገቡ ይከፈት!