ጀማሪን ወደ ባሕር የሚያወጣ ሁሉ ኃላፊነቱን ይወስዳል

በደቡብ ታይላንድ ከፉኬት ደሴት በስተምሥራቅ የሚገኘው የፋንግ ንጋ ባሕረ ሰላጤ፣ ከውኃው ውስጥ ቀጥ ብለው በቆሙ የኖራ ድንጋይ ደሴቶቹና ሥራቸውን በጨው ውኃ ውስጥ በተከሉ የማንግሮቭ ደኖቹ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከለለው ይህ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ስፍራ፣ አብዛኛው ክፍሉ ባሕር ሲሆን፣ በ2002 ደግሞ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ስፍራዎች እንደ አንዱ ተቆጥሮ በራምሳር ስምምነት መዝገብ ሰፍሯል። ከዚሁ ባሕረ ሰላጤና ከአጎራባቹ የክራቢ ግዛት ዳርቻ፣ በተለይም አኦ ታላን ከተባለው መንደር፣ መቅዘፊያ ጨብጠው የማያውቁ እንግዶች በአስጎብኚ እየተመሩ በካያክ ወደ ባሕር ይወጣሉ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ወቅት ደግሞ ይህ ሥራ የሚደራበት ጊዜ ነው።

ነገሩ ለአንባቢያችን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ባንኮክ ይበራል፤ ለሕክምና፣ ለንግድና ለጫጉላ ሽርሽር ወደ ታይላንድ የሚያቀናው ወገናችን ጥቂት አይደለም፤ ጉዳዩን ፈጽሞ ወደ ደቡብ በመውረድ ጥቂት ቀናት በባሕር ዳር የሚያሳልፍም አለ። ከእኛ መካከል ደግሞ አብዛኛው በደጋና በወይና ደጋ ያደገ፣ ዋና ያልተማረ፣ የባሕርን ሙላትና ጉድለት በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ነው። አስጎብኚዎቹ ጀማሪ የሚሉት እንግዳ፣ እንግዲህ፣ ከማንም ይልቅ እኛን ይመስላል። ባሕርን የማያውቅ ሰው ይዞ ወደ ባሕር የሚወጣ ምን ዓይነት ዕዳ እንደሚሸከም፣ ያንን ዕዳ መሸከም የማይችለውን ማን ሊያስቆመው እንደሚገባ፣ ይህ ጋዜጣ አቋሙን የሚገልጸው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድመን ጉዞው መልካም መሆኑን እንመሰክራለን። ሞተር የሌለው፣ ጭስ የማያወጣ፣ ድምፁ ከመቅዘፊያው ጠብታ የማያልፍ ጀልባ፣ ሰው ወደ ተፈጥሮ ከሚቀርብባቸው መንገዶች ሁሉ ጨዋው ነው። ከ250 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ወለል የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ለዘመናት በዝናብ ተቦርቡሮ፣ በመጨረሻም የበረዶው ዘመን አልፎ ባሕሩ ከፍ ሲል ሸለቆዎቹ በውኃ ተውጠው፣ የተራሮቹ ጫፎች ደሴት ሆነው ቀርተዋል። ከእነዚህ ደሴቶች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ክፍት ነው፤ የዋሻቸው ጣሪያ ጥንት ተደርምሶ፣ ዙሪያው በገደል የታጠረ፣ ላዩ ለሰማይ የተገለጠ፣ ወለሉ የባሕር ውኃ የሆነ ስፍራ ተፈጥሮባቸዋል። የአገሬው ሰው ሆንግ ይለዋል። ወደዚያ የሚያስገባው መንገድ ብዙውን ጊዜ አንድ ጠባብ ዋሻ ብቻ ሲሆን፣ እንግዳው በካያኩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ እጆቹን ሰብስቦ፣ ድንጋዩ ከአፍንጫው በላይ በስንዝር ርቀት ሲያልፍ እያየ ይገባል፤ በግድግዳው ላይ የተጣበቁት የኦይስተር ዛጎሎች ስለታም ናቸውና ዋሻውን ልደገፍ ብሎ እጁን የሰነዘረ ይቆረጣል። በማንግሮቩ ውስጥም ዛፎቹ ከግንዳቸው ወደ ጭቃው ቅስት ሠርተው በወረዱ ሥሮች ላይ ቆመው፣ ዘራቸውን ገና ከእናት ዛፉ ሳይለይ አብቅለው ወደ ታች ይጥሉታል፤ ውኃው ሲጎድል በክንፎቹ እየዳኸ ጭቃ ላይ የሚሄድ ዓሣ ይታያል፤ ለባሕሩ ዓሣና ለሸርጣኑ ግልገል መጠለያው በእነዚህ ሥሮች መካከል ነው።

ይህ ሁሉ ውበት ግን በሰዓት የተገደበ ነው። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ከሁለት ሜትር በላይ ልዩነት የሚታይበት ቀን አለ። ከመጠን በላይ ሲሞላ የዋሻው አፍ ይዘጋል፤ ሲጎድል ጀልባው ድንጋይና ጭቃ ላይ ይቀራል። የመግቢያው ጊዜ አጭር ነው፤ ያንን ያላሰላ ሰው ሲወጣ መንገዱን ተዘግቶ ያገኘዋል። ይህን ስሌት እንግዳው አያውቀውም፤ እንዲያውቀውም አይጠበቅበትም። ባሕረ ሰላጤውን ፉኬት ከክፍት ባሕር ስለሚከልለው ውኃው አብዛኛውን ቀን ጸጥ ያለ ነው፤ ጀማሪ ወደዚያ የሚወሰደውም ስለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ስለ ሻካራ ባሕር ሳይሆን ስለዚህ ዓይነቱ ጸጥታ ነው። ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚነሣ ነጎድጓዳማ ዝናብ፣ ከውኃው ፍሰት ጋር ተቃርኖ የሚነፍስ ነፋስ፣ በቅርብ እየበረረ የሚያልፍ የሞተር ጀልባ የሚተወው ማዕበል፣ ልምድ ያለውን ቀዛፊ ለአፍታ የሚያስቸግሩ ሲሆኑ፣ ገልብጠውት ወደ ጀልባው መመለስ ለማይችለው ጀማሪ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናሉ።

በዚህ ሥራ ከተሰማሩት ድርጅቶች ብዙዎቹ፣ በታይላንድም ሆነ በሌላው ዓለም፣ እንግዳውን ከማሳፈራቸው በፊት አደጋውን በፈቃዱ እንደተቀበለ የሚገልጽ ወረቀት ያስፈርሙታል። ወረቀቱ በፍርድ ቤት ያለውን ዋጋ ለየአገሩ ሕግ እንተዋለን፤ በህሊና ሚዛን ሲታይ ግን ሰው ፈቅዶ ሊቀበል የሚችለው የሚያውቀውን አደጋ ብቻ ነው። የውኃውን ሰዓት ያላወቀ፣ የደመናውን መልክ ማንበብ ያልተማረ፣ ካያክ ሲገለበጥ ምን እንደሚደረግ ያላየ እንግዳ፣ ፊርማው ስሙን ከመግለጽ አልፎ የአስጎብኚውን ዕዳ ሊያወርድ አይችልም። እንዲያውም ጀማሪው ገንዘቡን የከፈለው ለጀልባና ለመቅዘፊያ ኪራይ ሳይሆን፣ እሱ የሌለው ዕውቀት በአጠገቡ እንዲሆንለት ነው። ያንን ዕውቀት ሳይኖረው ገንዘቡን የተቀበለ አስጎብኚ፣ አደጋ ባይደርስ እንኳ፣ የሌለውን ሸጧል።

ይህ ፍርዳችን የተመሠረተው በደም በተጻፈ ልምድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1993 በእንግሊዝ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ላይም ቤይ በተባለው ስፍራ፣ ስምንት ተማሪዎች፣ አንድ መምህራቸውና ሁለት አሠልጣኞች በካያክ ወደ ባሕር ወጡ። ጉዞው በባሕሩ ዳርቻ ሄዶ በአጭር ጊዜ የሚጠናቀቅ ነበር። መምህሩ ጀልባው እየተገለበጠ ሲቸገር አንዱ አሠልጣኝ ከእርሱ ጋር ቀረ፤ ተማሪዎቹንና ሌላውን አሠልጣኝ ነፋሱ ወደ ጥልቁ ባሕር ገፋቸው። በእጃቸው የምልክት ርችት አልነበረም፤ የመገናኛ ሬዲዮ አልነበረም፤ የአሠልጣኞቹ ብቃትም ከጀማሪ ደረጃ ብዙ የራቀ አልነበረም። አራት ወጣቶች ሞቱ። ምርመራው ሲቀጥል የተገለጠው ነገር ደግሞ ከአደጋው በላይ ያሳዝናል፤ ከአደጋው በፊት ሥራቸውን የለቀቁ ሁለት አሠልጣኞች የደኅንነቱ ጉድለት ሰው ሊገድል እንደሚችል ለድርጅቱ በደብዳቤ አሳውቀው ነበር። በ1994 ድርጅቱ ራሱ በሰው ሞት ጥፋተኛ ተባለ፤ በእንግሊዝ የሕግ ታሪክ ውስጥ አንድ ኩባንያ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጠው የመጀመሪያው ሆነ፤ ሥራ አስኪያጁም ታሰረ። በ1995 ፓርላማው ለወጣቶች እንዲህ ዓይነት አገልግሎት የሚሰጡ ማዕከላት ሳይመረመሩና ፈቃድ ሳያገኙ እንዳይሠሩ የሚደነግግ ሕግ አወጣ።

በዚያ ፍርድ ውስጥ ባሕሩ አልተከሰሰም፤ ነፋሱም አልተከሰሰም። ሕጉ ጣቱን የቀሰረው እንደማይችል ተነግሮት ዝም ባለው ኃላፊ ላይ ነው። ይህን መርህ ከእንግሊዝ የቀዝቃዛ ውኃ ዳርቻ ወደ ታይላንድ ሞቃት ባሕረ ሰላጤ ማሻገር ምንም አያስቸግርም። ታይላንድም የራሷን መራራ ትምህርት ቀምሳለች፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2018 የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ሳለ ጎብኚዎችን ጭኖ የወጣ ጀልባ በፉኬት አቅራቢያ በማዕበል ተገልብጦ 47 ቻይናውያን ሞተዋል። ጀልባው ካያክ አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያም በዚህም የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዛሬ አይወጣም የሚል ሰው ነበረን?

እንግዳው የሚጠበቅበት ጥንቃቄና ስፍራው የሚጠበቅበት ጥንቃቄ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይመስላሉ፤ በእኛ እምነት ግን ምንጫቸው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ጆን ግሬይ የተባለ አሜሪካዊ በሆንጎቹ ውስጥ በካኖ ማስጎብኘት ሲጀምር፣ ጥቂት ሰው ብቻ ማስገባትን ደንቡ አድርጎ ነበር። ገበያው መኖሩ በታወቀ ጊዜ ግን ተከታዮቹ በዙ፤ ደንቡን ሳይሆን ትርፉን የወረሱት ድርጅቶች በ1990ዎቹ ውስጥ ጠባቦቹን ዋሻዎች በሰልፍ አጨናነቁ። ዋሻ ውስጥ ተሰልፎ የሚጠብቅ ጀልባ ሰዓቱ ያልፍበታል፤ ሰዓቱ ያለፈበት ጀልባ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ያው ሰልፍ በጩኸቱና በቆሻሻው የሆንጉን ጸጥታ ያጠፋል። ብዛት ሰውንም ስፍራውንም በአንድ ጊዜ ይጎዳል። ድንበር ተሻግሮ ባለው የማሌዥያው የላንግካዊ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የዩኔስኮ ጂኦፓርክ በሆነው ስፍራ፣ ፈጣን የሞተር ጀልባዎች የሚተዉት ማዕበል የማንግሮቩን ዳርቻ ሲሸረሽር፣ አሞሮችም ለጎብኚ ካሜራ ሲባል የዶሮ ሥጋ እየተጣለላቸው ማደን እንዲተዉ ሲደረጉ ታይቷል። ማንግሮቭ ደግሞ ታይላንድ እንደ ልብ የምትበትነው ሀብት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1996 ባሉት ዓመታት፣ በዋነኛነት በሽሪምፕ እርባታ ምክንያት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አጥታለች።

መንግሥት ሲቆርጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በክራቢ ግዛት የሚገኘው ማያ ቤይ፣ በቀን 5,000 ያህል ሰው ይረግጠው የነበረው ጠባብ የባሕር ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ለጎብኚ ተዘጋ፤ በጥር 2022 ሲከፈት የሰው ቁጥር ተወስኖ፣ ጀልባዎች በደሴቱ ጀርባ እንዲያርፉ ተደርጎ፣ መዋኘት ተከልክሎ ነበር። በተዘጋባቸው ዓመታት ሻርኮቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው ተመለሱ። ያ ውሳኔ ብዙ ገቢ አሳጥቷል፤ ትክክል ነበር።

ገደብ የደሃውን እንጀራ ይነካል የሚለውን ተቃውሞ አቅልለን አናየውም። በአኦ ታላን ካያክ የሚያከራየው፣ ከፋንግ ንጋ ጀልባ የሚነዳው፣ በደረቁ ወቅት ባገኘው ገንዘብ የዝናቡን ወራት የሚያልፍ የመንደር ሰው ነው። ነገር ግን ስለ ውኃውና ስለ ማንግሮቩ ከማንም በላይ የሚያውቀውም እሱ ነው፤ ብቃትን የሚጠይቅ ደንብ ሲወጣ ከገበያው የሚወጣው ይህ ሰው ሳይሆን፣ ከሌላ ከተማ በርካሽ ቀጥሮ በብዛት የሚያሰማራው ነጋዴ ነው። ደንቡ በትክክል ከተጻፈ፣ ፈተናውም በአገሬው ቋንቋና በውኃ ላይ ከተሰጠ፣ የመንደሩን ሰው ዕውቀት ዋጋ ያስገኝለታል። ያልተጻፈ ደንብ ግን ሁልጊዜ የሚጠቅመው ዋጋ የሚሰብረውን ነው።

ስለዚህ የታይላንድ የፓርክና የባሕር ትራንስፖርት ባለሥልጣናት ፈቃድ የሚሰጡት ለጀልባው ብቻ ሳይሆን ጀማሪን ለሚመራው ሰውም ሊሆን ይገባል እንላለን፤ ያም ሰው የውኃውን ሰዓት ማስላት፣ የተገለበጠን እንግዳ ከውኃ ወደ ካያክ መመለስ፣ በአንድ ጊዜ በዓይኑ ሊጠብቃቸው ከሚችላቸው በላይ እንግዶችን አለመቀበል እንደሚችል በተግባር ያሳየ መሆን አለበት። ወደ ሆንጎቹ በአንድ የውኃ ሙላት የሚገባው ሰው ቁጥር በሕግ ይወሰን፤ ካያክ በሚሄድባቸው የማንግሮቭ ቦዮች የሞተር ፍጥነት ይገደብ። አስጎብኚ ድርጅቶችም እንግዳው የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን በልኩ ሳያስር፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ወድቆ መመለስን ሳይለማመድ ጉዞ አይጀምሩ፤ አየሩ ሲበላሽ ጉዞውን የሰረዘ አስጎብኚ ከደመወዙ የሚቆረጥበት አሠራርም ይቅር፤ ቤተሰቡ በዚያ ቀን ክፍያ የሚያድር ሰው ነፋሱን እያየ እንዳላየ ለመሆን የሚገፋው ይኸው አሠራር ነውና።

በአገራችን ለሚሠሩ የጉዞ ወኪሎችም የምንለው አለን። ለደንበኞቻቸው የታይላንድን የባሕር ጉዞ አብረው የሚሸጡ ሁሉ፣ ከሚያሳዩት ፎቶግራፍ በፊት አስጎብኚው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንግዳ በስንት መሪ እንደሚወጣ፣ ዋና ለማይችል ሰው ምን እንደተዘጋጀ ጠይቀው በጽሑፍ ሊያሳውቁ ይገባል። አየር ሲበላሽ የተሰረዘ ጉዞ ገንዘብ ያለ ክርክር እንደሚመለስ በውሉ ላይ ካልሰፈረ፣ ያንን ጉዞ ለኢትዮጵያዊ ጀማሪ መሸጥ የለባቸውም። ተጓዡም እነዚህን ጥያቄዎች ማንሣት መብቱ ነው፤ መልስ ካላገኘ ዳርቻው ላይ ይቅር። የሚቀጥለው ደረቅ ወቅት በኅዳር ይጀምራል፤ ውሎቹ እስከዚያው ሊታረሙ ይችላሉ።